ደምሽና ሽንትሽ አይስማሙም

ሪያድ፣ መንሱራ
መስከረም 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአባቴ የአክስት ልጅ፣ ለተከበሩ መምህር ክንፈ
ሐይቅ

አሰላሙ ዓለይኩም ጋሼ። አዲሱ ዓመት ለቤትዎ ጤና፣ ለአገራችን ሰላም ይዞ የገባ ይሁን። እኔ አላህ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ።

ስልክ ላይ ጆሮዎ እንደማይይዝልዎ አውቃለሁ። እናቴ ያለችበት ቀበሌ ኔትወርክ የለውም፤ ኢንተርኔቱም እንደተዘጋ ነው። ስለዚህ የአገራችን ልጅ ነስሩ ከሚሠራበት ካርጎ፣ ወደ ደሴ በሚጫን የብርድ ልብስ ጥቅል ውስጥ ይህን ደብዳቤ አስገብቼዋለሁ። እንደተለመደው ጠርዙ ላይ መስመር ያሰመርኩበትን ለእናቴ ያንብቡላት። ሌላው የእርስዎና የእኔ ነው።

እማዬ፣ ያ የሆድ ሕመሜ በቀዶ ጥገና ከወጣልኝ ወዲህ ደህና ነኝ። ትምህርት ቤት የማጽዳት ሥራዬን ቀጥያለሁ። ሙዲራዋ፣ ማለት ርዕሰ መምህርቷ፣ ደግ ሴት ናት። እህል ይስማማኛል። ዱዓሽ ደርሶኛል።

መስመሩ እዚህ አበቃ።

ጋሼ፣ እርስዎ እንደሚያውቁት የወጣልኝ የአንጀት ካንሰር ነው፤ ጉበቴም ላይ ተረጭቷል። ከኬሞው ጋር አንድ ሌላ መድኃኒት ከከረጢት በክንዴ ይሰጡኛል። ዶክተሯ እንዳለችኝ ዕጢው ደም የሚያገኝበትን አዲስ የደም ሥር እንዳያበቅል የሚከለክል ነው። እሱን ከጀመርኩ ወዲህ ጉበቴ ላይ ያሉት ነጥቦች አላደጉም፤ አንዷ እንዲያውም አንሳለች። ያቺን የጉበቴን ፎቶ ካየሁ በኋላ ሕይወቴ ያለው በዚያ ከረጢት ውስጥ ነው ብዬ ይዣለሁ።

አሁን የመጣው ነገር ይኸው ነው። በእርስዎ ፊት ስጽፈው አፍራለሁ፤ ሽንቴ አረፋ መያዝ ጀምሯል። አብራኝ የምትኖረው ሜላት አይታ «አንቺ ልጅ፣ ኦሞ ጠጥተሽ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ከመድኃኒቱ በፊት ሁልጊዜ ሽንት በብልቃጥ ይቀበላሉ። መስኮቱ ላይ የምትሠራው ሀያ የምትባል ልጅ ናት። አባቷ የወሎ ሰው ነው፤ እሷ ግን እዚሁ ስለተወለደች አማርኛዋ ግማሽ ዓረብኛ ነው።

«እህቴ፣ ፕሮቲን ሁለት መደመር አለብሽ» አለችኝ።

«ሁለት መደመር ስንት ነው?»

«ከሲር፣ ብዙ ማለት ነው። ሦስት ከሆነ ዶክተራ ታቆማለች።»

የዚያን ቀን መድኃኒቱን ሰጡኝ። ግን የሙሉ ቀን ሽንቴን አጠራቅሜ የማመጣበት ትልቅ ጀሪካን አሸከሙኝ።

እርስዎ ሳይንስ ያስተማሩ ስለሆነ ልጠይቅዎ። ፕሮቲን ጥሩ ነገር ነው ብለው አልነበረም ያስተማሩን? ሽንት ውስጥ ሲታይ ሰውነቴ ተርፎት ነው ወይስ ጎድሎበት? መልሱን እስካገኝ እንቅልፍ የለኝም።

አክባሪዎ
ነኢማ ሰይድ


ሐይቅ
ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለነኢማ ሰይድ
ሪያድ

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ፤ እግዚአብሔር ከአልጋ ያርቅሽ። እኛ በሕይወት አለን። ተኩስ አልፎ አልፎ ይሰማል ይላሉ፤ ለእኔ ጆሮ ከሩቅም ከቅርብም ያው ስለሆነ እተኛለሁ።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። ፕሮቲን ጥሩ ነው ብዬ አስተምሬያለሁ፤ አሁንም አልሰረዝኩትም። ጥሩ የሚሆነው ግን ደም ውስጥ ሲቀመጥ ነው። ኩላሊት ማጥለያ ነው። ቆሻሻውንና ትርፉን ውሃ ያሳልፋል፣ ፕሮቲኑን ይይዛል። ፕሮቲን ሽንት ውስጥ ታየ ማለት ማጥለያው ሰፍቷል ማለት ነው። አልተረፈሽም፤ እየፈሰሰብሽ ነው። አረፋውም ከዚያ ይመጣል፤ የዕንቁላል ነጭ ሲመታ አረፋ እንደሚያወጣው።

«ሁለት መደመር» መጠን አይደለም፤ የቀለም ደረጃ ነው። ቁጥሩን የሚነግርሽ ጀሪካኑ ነው። ስለዚህ ከጀሪካኑ ውስጥ አንዲት ጠብታ አታጉድይ፣ አንዲትም አትጨምሪ። ውጤቱን ስትጽፊልኝ ከነመለኪያው ይሁን። «ትንሽ» ወይም «ብዙ» ብለሽ ብትልኪ ምንም አልገባኝም።

ሁለት ነገር ደግሞ እይልኝ። የደም ግፊትሽን ማን መቼ እንደለካው፣ የላዩና የታቹ ስንት እንደሆነ ጻፊ። ከዚያ የቅልጥምሽን ፊት ለፊት በአውራ ጣት ተጭነሽ ያዢና ልቀቂ። ጉድጓዱ ወዲያው ከተሞላ ጥሩ፤ ከቆየ ያንንም ጻፊ። መንገዱ ሲከፈት ደሴ ወርጄ ዶክተር ደመቀን አነጋግራለሁ። እኔ ጋ ሲማር ጎበዝ አልነበረም። ያልገባውን ግን ሳይጠይቅ አያልፍም ነበር፤ ለሐኪም ይህ ይበልጣል።

እናትሽን ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ አግኝቻት ያሰመርሽበትን አነበብኩላት።

«ይኸው ነው?» አለችኝ።

«ይኸው ነው።»

«ወረቀቱ ግን ሁለት ቅጠል ነው።»

ሌላው ስለ እኔ ጆሮ የተጻፈ ነው አልኳት። አሁን መንደሩ በሙሉ ለጆሮዬ ዱዓ ይዟል። ለጆሮ መስሚያዬ ባትሪ ብትልኪልኝ ዱዓው የሠራ ይመስላቸዋል።

መልስሽን ፈጥነሽ ላኪ።

ክንፈ


ሪያድ
ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ክንፈ

አሰላሙ ዓለይኩም። ከነቤተሰብዎ አላህ በሰላም ያቆይዎ።

በመጀመሪያ የምሥራች። ጀሪካኑ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ በብልቃጥ ሰጥቻለሁ፤ ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። ኸላስ፣ አልፌያለሁ። መድኃኒቱንም አላቋረጡብኝም። ስለዚህ ደሴ ድረስ በዚህ መንገድ አይንከራተቱብኝ፤ ስለ እርስዎ ያለኝ ስጋት ይበዛብኛል።

ባትሪውን ልኬያለሁ። ሻጩ ስድስት ዓይነት አሳየኝ፤ መጠኑን ስላልጻፉልኝ ከሁሉም አንዳንድ ገዛሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ አንድ ነገር ሳይጽፉ ቀሩ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

እግሬን ስጫነው ይጎደጉዳል፤ ቀስ ብሎ ይሞላል። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል ነው። ጫማዬ ስለጠበበኝ የሜላትን ሰፊ ሰንደል አድርጋለሁ። ግፊቴ ትንሽ ከፍ ብሏል ብለው ኪኒን ሰጥተውኛል፤ አሁን ደግሞ ኪኒኑን ጨመሩት። ከማጅራቴ በኩል ራሴን ያመኛል፤ የሪያድ አየር ማቀዝቀዣ ለሁሉም ሰው እንዲህ ያደርጋል።

ዶክተሯ ትናንት ወረቀቶቼን እያገላበጠች «ያ ነኢማ፣ ደምሽና ሽንትሽ አይስማሙም፤ የሁለት ሰው ይመስላሉ» አለችኝ። እኔም «ባልና ሚስት ናቸዋ» ብያት ሳቅን። ደግ ናት።

ለእናቴ ጠርዙ ላይ ካሰመርኩበት ጋር ሥጋ መብላት ጀምራለች ብለው ይጨምሩላት፤ ደስ ይላታል።

አክባሪዎ
ነኢማ


ሐይቅ
ኅዳር 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለነኢማ

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። ሰላምታውን አላበዛም፤ ይህን ይዞ የሚሄደው ሰው ነገ ስለሚነሳ የሚበልጠውን ልጻፍ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። አንዱ ገጽ የጤነኛ ሰው ነው፤ ሌላው የታመመ ሰው ነው። እግርሽ አብጧል፣ ግፊትሽ ኪኒን እየተጨመረለት አልወርድ ብሏል፣ ማጅራትሽን ያምሻል። ጀሪካኑ ግን ንጹሕ ነው። አይንከራተቱ ብለሽኝ ነበር፤ በማግሥቱ ደሴ ወረድኩ።

ደመቀ ነገሩን በወረቀት ሥሎ ነው ያስረዳኝ፤ እኔም እንዳስረዳኝ ላስረዳሽ። ዕጢ ለማደግ ደም ይፈልጋል። ደም እንዲደርሰው መልእክት ይልካል፤ መልእክቱን የሰሙ የደም ሥሮች ወደ እሱ ይበቅላሉ። መድኃኒትሽ ያንን መልእክት መንገድ ላይ ይይዘዋል። ዕጢው ያላደገው ለዚህ ነው። ኩላሊት ውስጥ ያለው ማጥለያ ደግሞ ከፀጉር በቀጠኑ የደም ሥሮች የተሠራ ነው። እነሱም በየቀኑ የሚታደሱት በዚያው መልእክት ነው። መድኃኒቱ የዕጢውን መልእክት ከኩላሊቱ መልእክት አይለይም፤ ሁለቱንም ይይዛል። ያን ጊዜ ማጥለያው ይሰፋል፣ ፕሮቲን ይፈስሳል፣ ግፊት ይወጣል፣ እግር ያብጣል።

ይህን ሁለት ጊዜ አንብቢው። ደመቀ እንደሚለው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም ኩላሊቱ ቀስ በቀስ ይድናል፤ የፈሰሰው መጠን ሲወርድ ሐኪሞቹ እንደገና ሊያስቡበት ይችላሉ። ሳይቆም ከቀጠለ ግን በእነዚያ ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ደም ይረጋል፣ ኩላሊቱም ይዘጋል። ሽንት በየጊዜው የሚቀበሉሽ መቼ ማቆም እንዳለባቸው ለማወቅ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

እግሯ ያበጠ፣ ግፊቷ የወጣ፣ ጀሪካኗ ግን ንጹሕ የሆነ ሴት ሊኖር ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ጀሪካኑ የሷ ከሆነ ይቸግረኛል» አለኝ።

ፈተና ላይ ለብዙ ዓመት ቆሜያለሁ። ሥሌቱ ሳይኖር መልሱ ብቻ ልክ ሆኖ ሲመጣ ወረቀቱን ወደ ጎን አደርጋለሁ። ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆች የጤና ምርመራውን ለማለፍ የሌላ ሰው ሽንት በልብሳቸው ደብቀው እንደሚገቡም ሰምቻለሁ።

ነኢማ፣ የማን ሽንት ነው?

ክንፈ


ሪያድ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

የሜላት ነው።

ብልቃጧን በአቡጀዲ ጠቅልዬ ከአባያዬ ሥር እይዛታለሁ፤ እስክደርስ አትቀዘቅዝም። ጀሪካኑን የሞላችው በዕረፍቷ ቀን ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃ አጠጣኋት። «እኔ እኮ ላም ሆኜ ቀረሁ፤ ቢያንስ ድርቆሽ አቅርቢልኝ» እያለች ትስቅ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ አልሳቀችም። በሦስተኛው «ነኢማ፣ ፊትሽ ጠዋት ጠዋት እያበጠ ነው፤ ይቅርብን» አለችኝ። ለምኜ ነው የወሰድኩት።

እርስዎ ሽንት የሚቀበሉሽ ለአንቺው ነው ይሉኛል። ለእኔ ሽንቴን ተቀብሎ የጠቀመኝ ሰው ግን አላየሁም። ከአገሬ ስወጣ ተቀበሉኝ። እዚህ ስገባ ተቀበሉኝ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በታደሰ ቁጥር ተቀበሉኝ። ንጹሕ ከሆነ ትኖሪያለሽ፤ ካልሆነ ትሄጃለሽ። አብራኝ የመጣች የኮምቦልቻ ልጅ ሳንባዋ ላይ ጠባሳ ተገኘ ተብሎ ሻንጣዋን እንኳ ሳታነሳ ተመለሰች። እዚህ አገር ብልቃጥ ይዞ መስኮት ፊት የቆመ ሰው መታከም አያስብም፤ ማለፍ ነው የሚያስበው።

ከጎኔ ወንበር ላይ መድኃኒት የምትወስድ አንዲት ሱዳናዊት ነበረች። ቴምር ታካፍለኝ ነበር። አንድ ቀን ቀረች። ሀያን ጠየቅኋት፤ «አቆሙላት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አላየኋትም። እርስዎ ሲቆም ኩላሊት ይድናል ይሉኛል፤ እኔ ሲቆም ያየሁት ባዶ ወንበር ነው። ቆመ ከተባለ የቀጠረኝ ኩባንያ «ሕክምናዋን ጨርሳለች» ብሎ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ያስመታብኛል። ሐይቅ ገብቼ ይህን መድኃኒት ማን ይሰጠኛል? ደመቀ ይሰጠኛል?

ደግሞም ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ እርስዎ ስለ ትክክለኛ ወረቀት ሊነግሩኝ ይችላሉ ወይ? እናቴ ፊት ቆመው የሌለ ደብዳቤ የሚያነቡት እርስዎ ነዎት። ሥጋ መብላት ጀምራለች ብለው አነበቡላት አይደል? እኔ ሥጋ ከሸተተኝ ስንት ወር ሆነኝ። እርስዎም የሰው ብልቃጥ ነው የሚሰጧት። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንዳትሞትብዎ ነው። እኔም እንዳልሞት ነው።

እናቴ እውነቱን የሰማች ቀን እኔም የራሴን እሰጣቸዋለሁ። እስከዚያ ተዉኝ።

ነኢማ


ሐይቅ
ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለነኢማ

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። የጻፍሽብኝ ትክክል ነው፤ አንድም ቦታ የማርመው አላገኘሁም።

ዛሬ ጠዋት በእግሬ እናትሽ ቤት ሄድኩ። ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ያለ ገበያ ቀን ስታየኝ ተነሳች። «ሞታለች?» አለችኝ። «አልሞተችም፤ ቁጭ በይ» አልኳትና የመጨረሻውን ደብዳቤሽን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። ስለ እኔ የጻፍሽውንም አልዘለልኩም።

አላለቀሰችም። ሰፌዱን ከጭኗ አወረደችና ጠየቀችኝ።

«ከየት ጀምሮ ነው የዋሻችሁኝ?»

«ከመጀመሪያው።»

«እንግዲያው ከመጀመሪያው አንብበው።»

ቤቴ ተመልሼ ሁሉንም አመጣሁ፤ ከቀዶ ጥገናሽ በፊት የነበረውንም ጭምር። እያንዳንዱን አነበብኩላት። ሥጋው ላይ ስደርስ እጇን አነሳችና አስቆመችኝ፤ ከዚያ ቀጥል አለችኝ። ስጨርስ ፀሐይ ከደጃፉ አልፋ ነበር። ካንሰር የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ደጋግማ ካለችው በኋላ «አሁን ጻፍ፤ እንዳታሳምረው» አለችኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው። እጁ ብቻ የእኔ ነው።

«ነኢማ። እኔ እናትሽ ነኝ። አንቺ ስትታመሚ እኔ ሰርግ ሄድኩ። ጨፈርኩም። ሰው እንዴት ናት ሲለኝ ድናለች እላለሁ። ጁምዓ ጁምዓ ዱዓ አስደርጋለሁ፤ ለሆድ ቁርጠት። ለቁርጠት ነው ስለምን የከረምኩት። አላህ የማታውቀውን የምትለምን ምን ዓይነት እናት ናት ሳይለኝ ይቀራል? ሕመምሽን ደበቅሽኝ፤ ሕመምሽ እኮ የኔም ነው፤ በማን ፈቃድ ነው ብቻሽን የያዝሽው? መምህሩን አልቆጣም፤ አንቺ ነሽ ያዘዝሽው። አሁን ስሚኝ። ያቺ ሜላት የምትባለው ልጅ ጤነኛ ናት። የሷን እያዩ የሷን ነው የሚያክሙት። አንቺን ማንም እያየሽ አይደለም። የራስሽን ስጪያቸው። ከመለሱሽ ቤቱ አለ፣ እኔም አለሁ። ካልመለሱሽም እዛው ኑሪልኝ። ሜላትን ሳሚልኝ፤ ከንግዲህ ግን እንዳትሰጥሽ በላት በለኝ፤ አይ፣ በያት።»

መጨረሻው ላይ ተምታታባት፤ እንዳለችው ተውኩት።

ነኢማ፣ እውነቱን የሰማች ቀን ብለሽ ነበር። ቀኑ ዛሬ ነው፣ ጥር 6። ይህን የምትይዘው ወደ ሪያድ የምትመለስ ልጅ ናት፤ በእጅሽ እንድትሰጥሽ አስምያታለሁ። ከቀጠሮሽ ቀድማ እንድትደርስ እግዚአብሔርን እለምናለሁ።

ክንፈ


ሪያድ
የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ክንፈና ለእናቴ ለዙበይዳ

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ሁለታችሁንም በአንድ ቤት ሰብስቦ ይህን ያሰማችሁ።

ጋሼ፣ ያንን የጻፍኩት አያደርጉትም ብዬ ነበር። የሰው ቃል እንዳለ የሚወስዱ ሰው መሆንዎን ረሳሁ። ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ። እማዬ ለቁርጠት ለመንኩ ያለችበት ስደርስ ሜላት ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ጮክ ብላ ጨረሰችልኝ፤ እኔ ፊደሉ ጠፋብኝ።

በማግሥቱ ቀጠሮዬ ነበር። ሜላት በልማዷ ብልቃጧን ሞልታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች፤ «መወሰኑ ያንቺ ነው፤ እኔ የእናትሽን ቁጣ አልችልም» ብላኝ ወደ ሥራ ወጣች። ይዣት ሄድኩ። አልዋሽም፣ ሆስፒታሉ መታጠቢያ ቤት እስክገባ ድረስ አልወሰንኩም ነበር። እዚያ ደፋኋትና የራሴን ሞላሁ። ብልቃጡ እጄ ላይ አረፋ በአረፋ ሆነ።

«ይሄ የኔ ነው» አልኳት ሀያን።

«ወላሂ? እና የማን ይሆናል እህቴ?» ብላ ሳቀች። ፊቴን ስታይ ሳቋን ተወችው። ቀጭኗን ወረቀት ነክራ አወጣች፤ ጠርሙሱ ላይ ከተሣለው ከመጨረሻው ጥቁር ቀለም ጋር አንድ ሆነች። ከመስኮቱ ኋላ ዞራ መጥታ እጄን ይዛ ዶክተሯ ጋ አስገባችኝ።

ዶክተሯ አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችና «የትኞቹ ናቸው?» አለችኝ። በጣቴ አሳየኋት። አንዱን ካሳየኋት በኋላ «ሌላስ?» ትላለች። የሜላትን አንድ በአንድ ከእኔ ስም አወጣቻቸው። ሲያልቅ ከእኔ የቀረው የመጀመሪያው ሁለት መደመርና ያ ጠዋት ብቻ ነው። ግፊቴን ስትለካ ከወንበሩ አላስነሱኝም፤ በዚያው አስተኙኝ።

ጋሼ ከነመለኪያው ብለውኛልና እጽፋለሁ። በራሴ ጀሪካን፣ በአንድ ቀን ሽንት ውስጥ ሦስት ግራም ተኩል ፕሮቲን ተገኘ። ከሁለት ግራም በላይ ከሆነ መድኃኒቱ ይቆማል። ደሜ ውስጥም ኩላሊቱ መድከሙ መታየት ጀምሯል። የኩላሊት ሐኪሙ ሽማግሌ ነው፤ «አንድ ሁለት ጊዜ ደግመሽው ቢሆን ኖሮ የምንነጋገረው ስለ እጥበት ነበር» አለኝ። ያንን መድኃኒት አቆሙት። ሲያቆሙት ሱዳናዊቷ ናት ዓይኔ ላይ የመጣችው። ኬሞው ግን ቀጥሏል፤ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ለክተውኛል። ፕሮቲኑ ወደ ሁለት ግራም ከሩብ ወርዷል፤ ገና አላለፈም። ፊቴ ጠዋት አያብጥም። ኩላሊቴ ወደ ቀድሞው ይመለስ አይመለስ እንደማያውቁ ነግረውኛል።

አሁን ክፉውን ልጻፍ። ያለ መድኃኒቱ በሰነበትኩበት ጊዜ የጉበቴን ፎቶ አነሱኝ። አንሳ የነበረችው ነጥብ አድጋለች። ሌሎቹ ባሉበት ናቸው። ኩባንያው ደመወዜን አቁሞ ከሥራ ቦታ ጠፍታለች ሊለኝ ነበር፤ ሙዲራዋ በራሷ ፊርማ ፈቃድ ላይ ናት ብላ ያዘችልኝ። እስከ መቼ እንደምትይዝልኝ አላውቅም። ቀን ቀን ደህና ነኝ እላለሁ። አንዳንዴ ግን ሜላት ሥራ ስትሄድ በሩን ዘግቼ ግድግዳውን ይዤ እቆማለሁ፤ ምን እንደምይዝ ስለማላውቅ።

ትናንት ዶክተሯ አስቀምጣ አነጋገረችኝ። «ፕሮቲንሽ ከሁለት በታች ከወረደ መድኃኒቱን በጥንቃቄ እንደገና ልሞክር እችላለሁ» አለችኝ። «ኩላሊትሽን ሊጨርሰው ይችላል። ካልሞከርን ጉበትሽ ላይ ያለው ሊያድግ ይችላል። ሁለቱንም ልነግርሽ ይገባል። ውሳኔው ያንቺ ነው፤ ፈርመሽ ትሰጪኛለሽ።»

በፊት ቢሆን ንግግሯን ሳትጨርስ ስጪኝ እላት ነበር። አሁን ሁለት ሳምንት ለመንኳት። ለምን አለችኝ። እናቴን ልጠይቅ አልኳት። እንደ ሕፃን ቆጠረችኝና ፈገግ አለች፤ ግን ሰጠችኝ። ነስሩ የሚያውቀው ሰው ዛሬ በአውሮፕላን ይነሳል፤ መልሱንም ይዞ ይመለሳል።

እማዬ፣ ጋሼ የሚያነቡልሽ ይኸው ነው፤ ሌላ ቅጠል የለውም። እኔ ጠዋት ልውሰደው እላለሁ፣ ከሰዓት ልተወው እላለሁ። በማን ፈቃድ ብቻሽን ያዝሽው ብለሽኝ ነበር። እንግዲህ ይኸው፣ ያዢልኝ። ልመለስበት ወይስ ይቅርብኝ? የምትይውን እስክሰማ አልፈርምም።

ልጅሽ
ነኢማ